የረጠበ መጫኛ

ሜትሩ ከቀፎው እየተንሿሿ ሲወጣ ሀጀራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

“እማ፣ ጫፉን ያዥልን እንጂ!” አለች ልጇ ሱሀይላ፣ አልጋው ሥር እንደተንበረከከች።

“እጄ ዘይት ነክቶታል።”

እጇን ምንም አልነካውም። ሱብሂ ሰግዳ ከተነሳች ጀምሮ እንኳን ዘይት፣ የቁርስ ድስትም አልነካችም። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በር ስትመላለስ ነው ረፋዱ የደረሰው። ሱሀይላም ይህን አላጣችውም፤ ግን እናቷ ከሰሞኑ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ግራ ስለሆነባት የሜትሩን ጫፍ ራሷ ከግድግዳው ጥግ አስጠጋች።

የምትለካው የኔአለም ትባላለች። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት በአንዲት ጠባብ ክፍል የቤት ፕላን የምትሠራ፣ ቀጠን ያለች፣ ቀልድ ቢነግሯት ቁጥሩ ስንት ነው ብላ የምትጠይቅ ዓይነት ልጅ ናት። ለክታ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ከዚያ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱሀይላ ሰባት ዓመት ጅዳ ኖራ ባለፈው ሚያዝያ ተመልሳለች። በሰው ቤት ስትሠራ ሰባቱንም ዓመት የተኛችው ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ነበርና፣ አሁን የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ በሯን ራሷ የምትቆልፋት ክፍል። ከቤቱ ጎን፣ በቅንጭቡ አጥር በኩል ሁለት ክፍል ልትቀጥል ነው። ለመቀጠል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ፕላን ይፈልጋል፣ ፕላኑ ልኬት ይፈልጋል፣ ልኬቱ ደግሞ አዋሳኙ ጎረቤት ቆሞ እንዲያይና እንዲፈርም ይፈልጋል። ሀጀራ እስከ ፕላኑ ድረስ “እሰይ የኔ ልጅ” ስትል ቆይታ፣ አዋሳኝ የሚለው ቃል ሲመጣ ወሬ መለወጥ ጀመረች።

አዋሳኙ አያ አለምነው ናቸው። ከቅንጭቡ ማዶ የሚኖሩ፣ የሟች ባሏ የሙሐሲን የነፍስ ወዳጅ።

“ይሄኛው ግድግዳ አምስት ሜትር ከአርባ ነው፤ ትይዩው ግን አምስት ከሃያ” አለች የኔአለም ግንባሯን ቋጥራ። “ቤቱ ዘሟል።”

“ቤት ነው እንጂ ሳጥን ነው እንዴ?” አለች ሀጀራ። “ዘሞም ቢሆን ይሄን ሁሉ ዘመን አኑሮናል።”

“የግድግዳውንም ውፍረት እፈልጋለሁ። ጭቃው ስንት ነው?”

“ጭቃ ነዋ! ጭቃ ስንት ይሆናል?”

ሱሀይላ ሳቀች። ሀጀራ አልሳቀችም። እንዲያውም ልጅቷ “እንዲህ በዘመመ ቤት ላይ አይቀጠልም” ብላ ደብተሯን አጥፋ ብትሄድ ምንኛ በወደደች! የኔአለም ግን የመስኮቱን ወርድ፣ የበሩን ቁመት፣ የጓዳውን ጥግ ሁሉ ለቃቅማ ጨረሰችና “አሁን ወደ ውጭ እንውጣ፤ ወደ አጥሩ” አለች።

“ቁርስ ሳትቀምሱ? ቅንጬ ላቅርብ፣ አንድ አፍታ ነው።”

“ጠግቤያለሁ፣ እማማ።”

“ቅንጭቡ ሥር እኮ እባብ አለ።”

“እማ፣ በመካነ ሰላም ብርድ ምን እባብ አለ?” አለች ሱሀይላ።

“ወተቱስ? የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ያጠፋል። ስንት ሰው ታውሯል።”

“መነጽር ይዣለሁ” አለች የኔአለም። እውነትም ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች።

ሀጀራ የፈራችው እባቡንም ወተቱንም አልነበረም። የፈራችው የሃያ ስምንት ዓመት ነገር ነው።

ያኔ ይህ ግቢና የአያ አለምነው ግቢ አንድ መሬት ነበሩ። ሙሐሲን እህል በአህያ እየጫነ እስከ ማሻ የሚነግድ፣ አለምነውም ገና መዶሻ የጨበጠ ጎረምሳ አናጢ፤ ሁለቱ ጎጆ ሊወጡ አስበው ቦታውን በአንድ ወረቀት ተመሩ። ወረቀቱ “ለሁለቱ፣ እኩል ለእኩል” ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። በእጃቸው ሜትር ስላልነበረ መለኪያው የሙሐሲን መጫኛ ሆነ፤ ጭነት ከአህያ ጀርባ ጋር የሚጠፍርበት ረጅሙ የቆዳ ጠፍር። ቦታው ከድንጋይ ካቡ እስከ መንገዱ በግንቦት፣ መጫኛው ደረቅ ሳለ፣ ሲለካ አራት መጫኛ ወጣው። ሁለት ለአንዱ፣ ሁለት ለአንዱ ነው፤ ይህን ለማካፈል ሊቅ መጥራት አያሻም።

ያካፈሉት ግን በነሐሴ ነው። የዚያን ዕለት ማለዳ ሀጀራ፣ ሱሀይላን የሰባት ወር አርግዛ፣ ከተጠለሉባት ዳስ ብቅ ስትል ባሏ መጫኛውን ከከብቶቹ ገንዳ ውስጥ ጎትቶ ሲያወጣ አየችው። ውሃ ውስጥ ያደረ ጠፍር እንደ አንጀት ይልፈሰፈሳል። ጠፍር ሲረጥብ እንደሚለጠጥ ደግሞ ለነጋዴ ሚስት አይነገራትም፤ በዝናብ የታሰረ ጭነት መንገድ ላይ የሚላላው ለምን ሆነና! ሙሐሲን ዘወር ብሎ አላያትም። ከካቡ ጀምሮ፣ ጠበቅ አድርጎ እየሳበ፣ ሁለት መጫኛ ለካና ድንጋይ ተከለ። አለምነው የራሱን ድርሻ ለመለካት እንኳ አልተነሳም። “ቀሪው የኔ ነው። ወንድም ወንድሙን ሁለቴ አይለካም” ብሎ ሳቀ።

ሀጀራ ሰማች፤ አልሳቀችም፤ ምንም አልተናገረችም። አዲስ ሙሽራ ናት፤ ባሏን “ሌባ ነህ” ብላ ከየት ትጀምረዋለች? በመስከረም ለመጀመሪያ ልጅ ወግ ነውና እናቷ ዘንድ ኩታበር ሄዳ በጥቅምት ወለደች፤ አራስነቷን ጨርሳ ጥር ላይ ሕፃኗን አቅፋ ስትመለስ ድንጋዩ የለም፤ በቦታው ቅንጭብ ተተክሎ ጸድቋል። አጥር ካጠረበት ወዲያማ ነገሩ አለቀ ብላ ዋጠችው።

ዋጠችው እንጂ አልወረደላትም። ያን ቅንጭብ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በእርምጃ እንኳ ለክታው አታውቅም፤ ማወቁን ፈርታ። ሙሐሲን ሰላቱን ሲያስረዝም “ኃጢአቱ ከብዶት ነው” ትላለች በሆዷ። አጥሩ ጋ ብቻውን ቆሞ ካየችው “የሰረቀውን እያየ” ትላለች። ደግ ሰው ነበር፤ ይህንንም ታውቃለች፤ ስለምታውቅ ነው ይበልጥ የሚያማት። ከአራት ዓመት በፊት በሞት አልጋው ላይ እጇን ይዞ “ቅንጭቡን አትንኩት” ባላት ጊዜማ ጥርጣሬዋን እሱ ራሱ የፈረመበት መሰላት። ሊሞት እንኳ ሌብነቱን ይደብቃል ብላ አለቀሰች።

የቀብሩ ዕለት ጀናዛው ከግቢ ሳይወጣ፣ እንደ ደንቡ፣ “ከሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ ያለዚያ አፉ ይበለው” ተብሎ ሲጠየቅ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የተሰማው የአያ አለምነው ድምፅ ነበር። “እኔ አፉ ብያለሁ! በሙሉ ልቤ!” አሉ፣ እያነቡ። ሴቶቹ ይህን የክርስቲያን ጎረቤት ፍቅር አይተው ተላቀሱ። ሀጀራ ግን አንጀቷ ተቆረጠ። ያላወቁትን እኮ ነው ይቅር ያሉት! የማያውቁትን አፉ ቢሉ ምን ይቆጠራል? ሐቁ አሁንም የሙሐሲን አንገት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ልትነግራቸው የቅንጭቡን ማለፊያ ተሻግራ እበራቸው ደረሰች፤ ስንት ጊዜ “እሳት ልጭር ነው” ብላ ተመለሰች። እሷ ራሷ ታዛዋ ሥር ክብሪት እየሸጠች እሳት ልጭር ማለቷ ያስቃል፤ እሳቸው ግን ጠይቀዋት አያውቁም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ።

አያ አለምነው በቅንጭቡ መካከል ባለችው ማለፊያ ጎንበስ ብለው ገቡ። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ምርኩዛቸውን ይዘዋል።

“እንዴት አደርሽ፣ ሀጀራ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ አያ። እርስዎ እንዴት አደሩ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን።” ወደ የኔአለም ዞሩ። “ይህን ሁሉ ሜትር ይዘሽ የመጣሽው እኔን ልትለኪ ነው? ለሳጥን ከሆነ ገና ነኝ። ደግሞ የራሴን ሳጥን ራሴ ነው የምሠራው፤ ሌላ አናጢ አላምንም።”

“የምለካው ግቢውን ነው” አለች የኔአለም። “ወረቀታችሁ እኩል ለእኩል ስለሚል ሁለቱንም ግቢ ባንድ ላይ እለካና ለሁለት አካፍለዋለሁ። ከዚያ አጥሩ ልክ ቦታው ላይ መሆን አለመሆኑን አያለሁ።”

እንዲህ ነው ያለችው፤ ቃል በቃል። ሀጀራ በሩን ተደገፈች።

ለመሬት የሚሆነው ሜትር ሌላ ነው፤ በእጀታ የሚጠቀለል ባለ ሃምሳ ሜትር። ሱሀይላ ጫፉን ይዛ ከካቡ ሥር ቆመች። የኔአለም እየተረተረች በማለፊያዋ ሾልካ፣ የአያ አለምነውን ጎመን ላለመርገጥ እየዘለለች፣ እስከ መንገዱ ወረደች።

“አርባ ሜትር!” የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። “ልቅም ያለ አርባ!”

“አራት መጫኛ” አሉ አያ አለምነው ለራሳቸው፣ ፈገግ ብለው። “መጫኛችን አልዋሸችም።”

ሀጀራ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። አልዋሸችም ይላሉ! የኔአለም እየጠቀለለች ተመለሰችና ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ አርባ፣ ለሁለት፣ ሃያ። “አሁን ከካቡ እስከ ቅንጭቡ” አለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቁጥሩ አንዴ ደብተሩ ላይ ከሰፈረ ፕላኑ ላይ ይሰፍራል፣ ከፕላኑ ማዘጋጃ ቤት ይገባል፣ ከዚያ አገር ይሰማል። ሙሐሲን፣ ሚዛኑ ያልተነካ ተብሎ የተመሰከረለት ሙሐሲን፣ ከሞተ በአራት ዓመቱ በአንዲት የሸራ ሜትር ሌባ ይባላል። አያ አለምነውም ሊሰሙት ነው፤ ከገዛ ወዳጃቸው ሚስት ሳይሆን ከማያውቁት ሰው አፍ። የኔአለም ሜትሩን እየዘረጋች ወደ ቅንጭቡ ሄደች። አምስት እርምጃ። አሥር። ሀጀራ በሩን ለቃ ወደፊት ተራመደች። ሊሰማ ካልቀረ ከእኔ ይሰማ፣ ብቻ ከእኔ ይሰማ፣ ያ ረቢ…

“ቆይ! ቆይ አንቺ ልጅ!”

ሁሉም ዞሩ።

“አያ አለምነው፣ ቁጥሩ ሳይጠራ የምነግርዎ አለኝ። ከሃያ የሚያልፈው ሁሉ የእርስዎ ነው። ሙሐሲን መጫኛውን አርጥቦ ነው የለካብዎ። ገንዳ ውስጥ አሳድሮት ነበር፤ ሲያወጣው በዓይኔ አይቻለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት በሐቅዎ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ይውሰዱት፤ ቅንጭቡንም ይንቀሉት፤ ብቻ እሱን አፉ ይበሉት። አሁን፣ አውቀው፣ አፉ ይበሉት።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ ወጥቶ ግቢው መሐል ቆመ፤ መልሶ የሚውጠው የለም።

ሱሀይላ የሜትሩን ጫፍ ለቀቀችው። አባቷ የሞተ ዕለት ጅዳ ነበረች፤ መርዶዋን በስልክ ሰምታ፣ አሠሪዋ እንዳታያት ፎጣ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። መቃብሩን ያየችው ገና በሚያዝያ ነው። “እማ!” አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ። “አባቴን ነው እንዲህ የምትይው? አባቴን?”

አያ አለምነው ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሀጀራን ያዩዋታል፤ የተቆጡ አይመስሉም፤ የደነገጡ ይመስላሉ። ሀጀራ ያን ዓይን መቀበል አቅቷት መሬት መሬት አየች።

የኔአለም የሰው ነገር የሚገባት ልጅ አይደለችም። የወደቀውን ጫፍ አንስታ በካቡ ድንጋይ መካከል ሸጉጣ አጠበቀችና ተመልሳ ቅንጭቡ ሥር ቁጢጥ አለች። መነጽሯን አስተካከለች።

“አሥራ ዘጠኝ ሜትር ከሃምሳ” አለች።

“ስንት?” አሉ አያ አለምነውና ሀጀራ ባንድ ጊዜ።

የኔአለም ደግማ ለካች። ከላይ በኩል ለካች፤ ከታች በኩል ለካች። “አሥራ ዘጠኝ ከሃምሳ ነው። እናንተ ጋ ከሃያው ግማሽ ሜትር ይጎድላል። ትርፉ እሳቸው ጋ ነው ያለው።”

ሀጀራ የሰማችውን ማመን አቃታት። ይጎድላል? አርጥቦ ለክቶ፣ ለጥጦ ወስዶ፣ እንዴት ይጎድላል? ከተሳሳተች ደግሞ፣ አሁን በልጁ ፊት፣ በእንግዳ ፊት፣ ምን አደረገች?

“ሃያ ነበር መሆን ያለበት” አሉ አያ አለምነው፣ እሳቸውም ግራ ተጋብተው። ወደ ቅንጭቡ ቀረቡና ክርናቸውን መሬት አስነክተው ጣታቸውን ዘረጉ። “ግማሽ ሜትር። አንድ ክንድ ማለት ነው። አንድ ክንድ…” ቀስ ብለው ተነሥተው አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

“አንቺ ኩታበር ወልደሽ መልእክቱ የደረሰን ሰሞን ነው፣ ሀጀራ” አሉ። “ኅዳር ላይ። ሙሐሲን መጣና ‘አለምነው፣ እኔ ሌባ ነኝ’ አለኝ። መጫኛውን አርጥቤ ነው የለካሁብህ፣ ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች፣ በሰው ሐቅ ላይ አላሳድጋትም አለ። እኔ ደግሞ ሳቅሁበት፤ ተወው፣ ሁለት ክንድ መሬት ምን ትሆነኛለች አልኩት። አሻፈረኝ አለ። መጫኛውን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ብቻውን ለክቶ፣ ድንጋዩን ነቅሎ ያን ቅንጭብ ተከለ። እኔም ያን ለታ ነው አውቄ አፉ ያልኩት። የቀብሩ ዕለትም የደገምኩት እሱኑ ነው።” ምርኩዛቸውን ወደ ቅንጭቡ ሥር አመለከቱ። “ይቺን አንዷን ክንድ ግን አልነገረኝም። ወላሂ አላወቅኋትም። ምናልባት ቢተርፍብኝ ብሎ ከራሱ ቆርሶ የጨመረው ነው።”

ሱሀይላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆማለች። እንባዋ ይወርዳል።

“ታዲያ ለእኔስ?” አለች ሀጀራ። “ለእኔ ለምን አልነገረኝም?”

“አስምሎኝ ነው” አሉ አያ አለምነው። “‘ሀጀራ እንዳትሰማ፤ ከሰማች ዕድሜዋን ሙሉ በሌባ ዓይን ነው የምታየኝ’ አለኝ። ሙሐሲን ሽፍታ አልፈራም፣ በሽታውንም አልፈራም። እስኪሞት የፈራው አንቺ እንዳታውቂ ነው።”

ሀጀራ መሬት ላይ ተቀመጠች። በሌባ ዓይን ነው ያየችው። ከዚያች ከነሐሴዋ ማለዳ ጀምሮ፣ ሲሰግድም፣ ሲስቅም፣ ልጁን ትከሻው ላይ ሲያዞርም፣ እጇን ይዞ ሲሞትም፣ በሌባ ዓይን ነው ያየችው። ቅንጭቡን አትንኩት ያላት ሐቅ እንዳይነካ ብሎ ኖሯል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ “አይቼሃለሁ” ብትለው ኖሮ “መልሻለሁ እኮ” ይላት ነበር። ሁለቱም ላለመነጋገር ስንት ዓመት ደከሙ። ልቧ በጸጸት ተቃጠለ፤ እፎይታውም አብሮ መጣና የትኛውን እንደምታለቅሰው ጠፋት።

ሱሀይላ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

“መስመሩን የት ላድርገው?” አለች የኔአለም፣ እርሳሷን ይዛ። እውነት ለመናገር ጊዜው አልነበረም፤ ግን ሥራዋ ነው። “ሃያ ላይ ካደረግኩት ቅንጭቡ ይነቀላል፤ ክፍሏም ሰፋ ትላለች። እዚሁ ካደረግኩት ደግሞ አንድ ክንድ ትጠባለች።”

“ሃያ ላይ አድርጊው” አሉ አያ አለምነው። “ክንዷ የሙሐሲን ናት፤ ለልጁ ትሁን። እፈርማለሁ።”

ሀጀራ ልጇን አየች። ሱሀይላ፣ ሰባት ዓመት አንዲት ክፍል ያለመችው ሱሀይላ፣ ራሷን ነቀነቀች። “ትጥበብ” አለች። “አልጋዬ ይበቃል።”

ያን ጊዜ ሀጀራ ተነሣች። ዘይት ነክቶታል ባለችው እጇ ሜትሩን ከየኔአለም ተቀብላ፣ ቅንጭቡ ሥር ተንበርክካ፣ ከግንዱ ጋር አስጠግታ ያዘችው። ወተቱንም አልፈራችም፤ ግንባሯን ከአጥሩ አስነክታ፣ ለሰው በማይሰማ ድምፅ “አፉ በለኝ” አለች። “አፉ በለኝ፣ ሙሐሲን።”

“ምን አሉኝ፣ እማማ?” አለች የኔአለም።

“አንቺን አይደለም። አንቺ ጻፊ፤ አሥራ ዘጠኝ ከሃምሳ።”